ሞተር ላይ ተቀምጠው የማያውቁት ሴትዮ የመረጡልኝ ስፕሮኬት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ጭሮ፣ አንድ የሞተር ዕቃ መሸጫ በር ላይ ያረጀ ስፕሮኬቴን ይዤ ቆሜያለሁ። የፊተኛው ነው፣ ካቴናው የሚዞርበት ጥርሳም ብረት። ጥርሱ ተበልቶ ተበልቶ የዓሣ መንጠቆ መስሏል።

እኔ ክትባት ሠራተኛ ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ከከተማው በላይ ሰው ሁሉ «ጋራ» የሚላት የተራራ ቀበሌ አለች፤ ኩፍኝ ገብቶባታል። ባለፈው ልከትብ ስወጣ ካቴናው ዳገቱ ላይ እየዘለለ አላስኬድ አለኝ። ሞተሩን እየገፋሁ ስደርስ እናቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል። ለረቡዕ በድጋሚ ቀጠርናቸው። አሁንም ከቀረሁ ለሦስተኛ ጊዜ ማንም እንደማይመጣ አውቄዋለሁ... ፈርቼ ነበር።

ባለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ሂርና ሄዷል። ሱቁን የያዙት እናቱ አዴ ሐሊማ ናቸው።

«አዴ፣ ባለ አሥራ አምስት ጥርስ ይስጡኝ» አልኳቸው። መካኒኬ እንደዚያ ነው ያለኝ።

እሳቸው ግን ሁለት አወጡ። አንዱ ባለ አሥራ አምስት፣ ሌላው ባለ አሥራ ሦስት።

«ወዴት ነው የምትሄደው ኢልመኮ?» ልጄ ማለታቸው ነው።

«ጋራ።»

ብረቶቹን በሁለት እጃቸው ይዘው አየት አየት አደረጓቸው። «ከሁለቱ ሰፊ ሰፊ እርምጃ የሚሄደው የቱ ነው?»

ሳቄ መጣ። በኋላ ግን ሳስበው... ትልቁ በአንድ ዙር ካቴናውን ብዙ ይስበዋል። «ትልቁ» አልኩ።

«እሱን ተወው። ጋራን በሰፊ እርምጃ የወጣ ሰው የለም። ትንሹን ውሰድ።»

«አዴ፣ ሞተር ነድተው ያውቃሉ እንዴ?»

«ተቀምጬበትም አላውቅ ወላሂ።»

ከዚያ መንገዱን ይነግሩኝ ጀመር። «ዋርካው ጋ ስትደርስ ቀስ በል። ወንዟን ስትሻገር ቀይ አፈር አለ። ሳትገባበት እርምጃህን አሳጥር። ውስጡ ገብቼ አሳጥራለሁ ካልክ ትወድቃለህ። ከመስጊዱ በላይ ነፋስ አለ፣ ጎንበስ በል።»

ትንሹን ገዛሁ። እውነቱን ልናገርና አምኛቸው አይደለም፤ ልጄ ብለውኛልና ምን ልበል። መካኒኬ ሲገጥምልኝ «ፍጥነትህን ሸጥከው» ብሎ ሲስቅብኝ ቆጨኝ።

ረቡዕ ጠዋት የክትባት ሳጥኔን ከኋላ አስሬ ተነሳሁ። ሜዳው ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ አይሄድም፤ አህያ የሚነዳ ሰው ሊቀድመኝ ምንም አልቀረው። በልቤ አዴ ሐሊማን ማማት ጀምሬያለሁ።

ዳገቱ ሲጀምር ግን... ዋርካው ጋ ሞተሩ ራሱ ሁለተኛ ማርሽ ጠየቀኝ። ቀዩ አፈር ሳይጀምር አንደኛ አስገባሁ። እየቧጠጠ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ካቴናው አንዴም አልዘለለም። ከመስጊዱ በላይ ነፋሱ ደረቴን ሲለኝ ጎንበስ አልኩ። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?

ስደርስ እናቶቹ ገና እየተሰበሰቡ ነው። ጤና ኬላው ውስጥ ልጆቹን አንድ በአንድ ከተብኩ፤ አንድም ሳይከተብ የተመለሰ የለም። ስጨርስ ለጥበቃው፣ ለኦቦ አህመድ፣ የስፕሮኬቱን ነገር አጫወትኳቸው።

ኦቦ አህመድ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። «ይሄ ቆርቆሮ እንዴት እዚህ የወጣ ይመስልሃል?»

«በመኪና ነዋ።»

«ያኔ የምን መኪና... እግር መንገድ ነበር። ሴቶቻችን ናቸው ያወጡት። ሐሊማ የኛው ናት፣ ጭሮ የወረደችው ኋላ ነው። ሌላው አንድ ሲይዝ እሷ ሁለት ሁለት በጭንቅላቷ ተሸክማ ስንቴ ተመላለሰች። ነፋስ ሲነሳ ቆርቆሮው ሰውንም ይዞ ይሄዳል። ቀዩ አፈር ላይ የወደቀች ጓደኛዋ እስከ ዛሬ ታነክሳለች።»

እኔም ቀና አልኩ። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። በዚያች ቤት ስንት ጊዜ ዝናብ ተጠልያለሁ፣ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላየሁም።

አሁን ሞተሬ ጋራ ላይ ማቃሰት ሲጀምር... «ዝም ብለህ ውጣ፣ የተሸከምከው እኔን ብቻ ነው» እለዋለሁ።