ሳንደርስ የሞቀው ሞተር

ዛሬ ቤድፎርድ ከተማ፣ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ግቢ ስንደርስ፣ ልንገዛው የሄድነው ማሽን ቀድሞ ተነስቶ ይጮህ ነበር።

ማሽኑ ተቀምጠው የሚነዱት፣ ያገለገለ የሣር ማጨጃ ነው። ማስታወቂያውን ጋዜጣ ላይ ያየው ጓደኛዬ ተስፋዬ ነው። በሚሠራበት መጋዘን የሥራ ሰዓት ስለቀነሱበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰው ሣር ሊያጭድ አስቧል። የሚገዛው ማሽን ቢበላሽበት ሌላ የሚገዛበት የለውም።

«እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው! አስነስቶ ጠበቀን እኮ» አለኝ።

እኔ ግን ጠረጠርኩ፤ የሞቀ ሞተር በቀላሉ ይነሳል፣ ጉዱ የሚታየው ሲቀዘቅዝ ነው። ጋዜጠኛ ነኝና ሳልጠይቅ የሚሰጠኝን መልስ አላምንም።

ሞተሩን እንዲያጠፋውና እስኪቀዘቅዝ እንድንጠብቅ ሰውዬውን ለመንኩት። ፈገግ ብሎ አጠፋውና በረዶ የገባበት ሻይ አመጣልን።

ተስፋዬ ብርጭቆውን ሲጨርስ ጭንቅ ያዘው። «ታዲያ የሰው ሻይ ጠጥተን አንገዛም ልንል ነው? ነውር ነው!»

«ሻይ ነው የጠጣነው፣ ቃል አልገባንም» አልኩት።

ሞተሩ ቀዘቀዘ። ሰውዬው ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ማሽኑ አጉረመረመ እንጂ አልተነሳም። «ጠዋት ምንም አልነበረውም» አለ፣ ፊታችንን ሳያይ።

ይቅርታ የጠየቀው ማን ይመስላችኋል? ተስፋዬ!

እስከ ቤታችን ድረስ «ሽማግሌውን አሳፈርከው» እያለ አኮረፈኝ። ገንዘቡ ግን አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው።

እናንተስ ሻጩ ስለጋበዛችሁ ብቻ እምቢ ማለት አቅቷችሁ የገዛችሁት ዕቃ አለ? ዛሬውኑ ጻፉልኝ፣ ለተስፋዬ አነብለታለሁ። ነገ ብቻውን ተመልሶ ሊገዛው ያሰበ ይመስለኛል።