እህቴ የተረፈችበት መስከረም

በደርግ ዘመን በአንዱ መስከረም፣ መንደራችን ቁሐር ሚካኤል ሳለን፣ ታላቅ እህቴን ወባ ጣላት። ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኗን ስላልገለጠች የጎረቤት ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። ቄሱ አባቴ ግን በቅሎ ጭነው፣ ውኃ የተኛበትን ሜዳ አቋርጠው ከወረታ ጤና ጣቢያ ድሬሰር አመጡ። ድሬሰሩ የወባ መድኃኒት የጨመረበትን ግሉኮስ ምሰሶው ላይ ሰቅሎ መርፌውን ክንዷ ላይ ሰካ። አባቴም ዳዊት እየደገሙ ጠብታውን ያዩ ነበር።

ቀትር ላይ እህቴ "ውኃ" አለች። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ።

"አባ፣ መድኃኒት ሞትን አሸነፈው ማለት ነው?" አልኋቸው።

"ሰው ለምን እንደሚኖር፣ ለምንስ እንደሚሞት እኔም አልደረስሁበትም" አሉና የድሬሰሩን ግንባር ሳሙት። "ሞት ሌላ ቀን ይመጣ ይሆናል። ዛሬ ግን ባዶ እጁን ሄዷል!"

በዚያው ኅዳር እህቴ ከሁላችን ቀድማ ማሳው ገብታ ሩዝ ስታጭድ ዋለች።