የእማማ ዘይነባ ኩባያ

ዛሬ ቧንቧው ደርቆ ልጄ በቆርቆሮ ኩባያ ከበርሜል ውሃ ስትቀዳ፣ የኩባያው ድምፅ ፊቴን አጋለው።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ቃሊቲ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራችን የሰማርያን ካርታ ሰሌዳ ላይ ሥለው፣ «የጥንት አይሁድ በሳምራውያን ዕቃ አይጠጡም ነበር» እንዳሉን ሰዓቱ አለቀ።

ስመለስ ሙስሊሟ ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ እንደ ሁልጊዜው ሱቃቸው በር ላይ በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ አቀረቡልኝ።

«በእርስዎ ኩባያ አልጠጣም» አልኳቸው፣ ያወቅኩ መስሎኝ።

ኩባያውን መልሰው አስቀመጡት። «ይሁን ልጄ፤ ሲጠማሽ ነይ» አሉኝ።

በሳምንቱ መምህራችን ታሪኩን ጨረሱልን፤ ጌታ ራሱ ሳምራዊቷን ውሃ እንድታጠጣው ለምኗት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሱቃቸው በር ማለፍ አፍሬ፣ በሰፈራችን ፋብሪካ አጥር ዞሬ ወደ ቤት እሄድ ጀመር።

ልጄ የቀዳችውን አቀበለችኝ። እማማ ዘይነባ ግን አንድ ቀን እንኳ «ውሃ ያጠጡኝ» ሳልላቸው ሞቱ።