የጳጉሜ ልስን

ክፍሉን ከዓይኔ ቀድሞ ያወቀው አፍንጫዬ ነው። እርጥብ ጆንያ፣ ያረጀ ጭድና የሰው ትንፋሽ ሸተተኝ። ድሮ የእህል መጋዘን ነበር አሉ፤ አሁን ሰው ይታሰርበታል። መካነ ሰላም ተወልጄ፣ በመጋዘኑ ግቢ አጥር ስር ትምህርት ቤት ስመላለስ አድጌ፣ ውስጡን አይቼው አላውቅም ነበር። ያመጡኝ ወንድሜ የት እንዳለ እንድነግራቸው ነው። አላውቅም አልኳቸው። እውነቴን ነበር። አላመኑኝም፤ በሩ ተዘጋ።

ውስጥ ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንደኛዋ ከወግዲ የመጡ እናት ናቸው፣ የቄስ ሚስት፤ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸው ተያዙ። እማማ እላቸው ነበር። ሁለተኛዋ ከላላ ከተማ ሻይ ቤት ያላት ሴት ናት። ማንን ነው ሻይ የምታጠጪው ተብላ ስትጠየቅ "የጠማውን" ብላ በመመለሷ ነው የመጣችው። ራሷ ናት የነገረችኝ፣ እየሳቀች። "እህቴ በይኝ፣ አሮጊት አታድርጊኝ" አለችኝ።

"ነይ እዚህ ዓለሜ፣ አብሽሪ" አሉ እማማ፣ ጠጋ ብለው ቦታ እየሰጡኝ።

እማማ የሚተኙት በሩ አጠገብ፣ ጥጉ ጋ ነበር። እዚያ ግድግዳው ተሰንጥቆ፣ ጭቃው ረግፎ፣ የእንጨቱ ማገር ይታያል። ብርዱ በስንጥቁ ሲገባ ያፏጫል። እማማ ያስላሉ፤ ሲያስሉ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነው። ቦታ እንቀያየር ስንላቸው "እናንተ ገና ትወልዳላችሁ" ይላሉ። የከላላዋ "እኔስ በቃኝ ወላሂ!" ብትልም ጥጉን አይለቁም። ሳሉ ግን እየባሰ ሄደ። የበሉትን ሁሉ እያስመለሳቸው ፊታቸው ጠቆረ።

ጳጉሜ ሲገባ ደፈርኩና ዘቡን አናገርኩት። ወጣት ነው፣ ከወንድሜ ብዙም አይበልጥም። የትምህርት ቤቱን ምርጥ አማርኛዬን አወጣሁ።

"ክፍላችን እድሳት ያስፈልገዋል። እባክዎ ይታደስልን።"

ሳቀብኝ። "እድሳት? እድሳት በጀት አለው፣ ኮሚቴ አለው። የእስረኛ ክፍል ማን ያድሳል?"

"ይጠገንልን በይው" አለች የከላላዋ ከኋላዬ።

"ለጥገናም ደብዳቤ ያስፈልጋል" አለና ሊሄድ ዞረ።

እማማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የኔ ልጅ፣ እናትህ ቤቷን ለስናለች?"

ቆመ። "ገና ነች። ጭቃው ቦክቷል፣ ነገ ትጀምራለች።"

"እኛም እንለስን እንጂ። በተላጠ ግድግዳ ዓመት ልንቀበል ነው?"

መንገዱን ቀጠለ። በማግስቱ ጭድ የገባበት የቦካ ጭቃ በጆንያ ጎትቶ፣ እበት በባልዲ ይዞ መጣ። "እናቴ ናት የላከችው። እኔ አላየሁም" አለና በሩን ከፍቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። በሩ ክፍት እስካለ ድረስ መሥራት ትችላላችሁ ማለቱ ነው።

ለካስ ለዘቡ ያልኩት "እድሳት" የሚለው ቃል ለእኛ ቤት አይመጥንም ነበር። እኛ ሰፈር የሚታደሰው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ድልድይ ነው፣ መታወቂያ ነው። ሰው በየቤቱ የሚሠራው ሁሉ የየራሱ ስም አለው። ያፈሰሰ ጣሪያ ይከደናል፤ የዶለዶመ ወፍጮ ይወቀራል፤ ያለቀ ቀሚስ ይጣፋል። ግድግዳ ደግሞ መጀመሪያ የረገፈው ይመረግና በላዩ እበት የገባበት ቀጭን ጭቃ በመዳፍ ይለሰናል። እንዲህ ያለው ሥራ ኮሚቴ ጠብቆ አያውቅም።

እጅጌዬን ጠቅልዬ ጥጉን ያዝኩ። አንድ እፍኝ ጭቃ አንስቼ ግድግዳው ላይ በጥፊ መታሁት። ትንሽ ቆየና እንደ ቂጣ ተገልብጦ እግሬ ላይ ወደቀ።

"ኧረ ይቺ ተማሪ!" ጮኸች የከላላዋ። "ጭቃውም መፈታት አምሮት ነው!"

ዘቡ እንኳ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እማማ በሳቅና በሳል መሃል "በደረቁ ነው እንዴ? መጀመሪያ ግድግዳውን ውሃ አጠጪው እንጂ!" አሉ። እናቴ ለካ ሁሌ ቀድማ ታርሰው ኖሯል፤ እኔ የምደርሰው ሁልጊዜ ከረጠበ በኋላ ነበር።

አርሼ እንደገና ጀመርኩ። ያዘ! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሽቅብ እየመረግኩ ስንጥቁ ጋ ስደርስ ከቢሮው በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

"ያቺ ተማሪ! ዕቃሽን ያዢ፣ ተለቀሻል። አባትሽ በር ላይ ናቸው።"

"ውጪ!" አለችኝ የከላላዋ ትከሻዬን እየገፋች። "ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ውጪ አንቺ!"

"ሂጂ ዓለሜ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" አሉ እማማ። ሊነሱ ሲሞክሩ ሳሉ መልሶ አስቀመጣቸው።

እኔ ከወጣሁ በሩ ይዘጋል። ማገሩ እንደተገለጠ ነው፤ ነፋሱ ያፏጫል።

"ይህችን ጥግ ልጨርስ" አልኩ።

ዘቡ አፈጠጠብኝ። "ሰው ውጣ ሲባል ይሮጣል። አንቺ ትለስኛለሽ?"

"ትንሽ ናት የቀረችኝ።"

ወደ ቢሮው ዞር ብሎ አየ። ከዚያ የውሃውን ጣሳ በእግሩ ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ቶሎ በይ" አለ።

መረግኩ፣ ለሰንኩ። ፉጨቱ ቆመ። እማማ በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉት። "ጎርበጥ ብሏል" አሉ። "ነፋስ ግን አያሳልፍም።" ግንባሬን ሳሙኝ።

አባቴ እስከ ክርኔ ጭቃ ለብሼ ስወጣ ሲያየኝ ክው አለ። "ምን አደረጉሽ?"

"ስለስን ነበር፣ አባ።"

እጆቼን ይዞ ገለባብጦ አያቸው። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም። "እንግዲያውስ የእኛም ቤት እየጠበቀሽ ነው" አለኝ።

ወንድሜ ለካ አዲስ አበባ የቀን ሥራ ላይ ኖሯል፤ ያ ሲታወቅ ነው የለቀቁኝ። ትምህርት እንደተጀመረ የአማርኛ መምህራችን "አደሰ" ብለው ሰሌዳው ላይ ጽፈው ተመሳሳይ ቃል ጠየቁ። ጠገነ ተባለ፣ አበጀ ተባለ። እኔ እጄን አውጥቼ "ለሰነ" አልኩ። "እሱ እንኳ ለግድግዳ ብቻ ነው" አሉኝ። ልክ ናቸው። ፈገግ ብዬ ተቀመጥኩ።

እማማን በጥቅምት ገበያ አገኘኋቸው፣ ጌሾ ሲመርጡ። የከላላዋም ተፈታ ሻይዋን እያፈላች ነው አሉኝ። ሳላቸውን ስጠይቅ "የት አለና!" አሉ።

"ጥጉስ?"

"ስወጣ አንዲት አራስ መሳይ ሴት አስገቡ፣ ብርድ የሚያንቀጠቅጣት። ቦታዬን ሰጠኋት" አሉ፣ ጌሾውን እያሸተቱ። "ከቤቱ ሁሉ ሞቃቱ እሱ ነው አልኳት።"