ጋሽ ሙላትን የገደለች ጠባብ ሳጥን

ጋሽ ሙላት ዛሬ የገዛ ሞታቸውን ከኮምፒውተሬ ላይ አነበቡ።

ወረታ ወዳለው ኢንተርኔት ቤቴ የመጡት ሚስታቸውን እትዬ ዘነቡን የሩዝ አምራቾች ማኅበር ውስጥ ለማስመዝገብ ነበር። የመመዝገቢያውን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔው ነኝ።

እንዲያምር ብዬ የጋብቻ ሁኔታ መምረጫ ሳጥኑን ስላጠበብኩት «ባል ያላት» እና «ባል የሞተባት» የሚሉት ተቆርጠው ሁለቱም «ባል» ብቻ ሆነዋል። እትዬ የታችኛውን ነኩ። ማረጋገጫው ሲመጣ «ባል የሞተባት» ይላል።

«ሴትዮ፣ በቁሜ ቀበርሽኝ?»

«ባል ይላል፤ ባል አልኩ! ምን ላድርግ?»

ወዲያው ሳጥኑን በረጅሙ ምርጫ ልክ አሰፋሁት። አሁን ሁለቱም በሙሉ ይነበባሉ።

እትዬ ሁለቱንም ቀስ ብለው አነበቡና ጣታቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያመላልሱ ጀመር።

«ምኑን ነው የምታስቢው?» ብለው ጮኹ ጋሽ ሙላት።

እናንተ ቤትስ ኮምፒውተር የገደለው ሰው አለ? እስቲ ጻፉልኝ።