ሰነፎቹ ልቦች

ነርሷ ጥጡን በስፒሪት ነክራ ዳሌዬን ስትጠርገው ሽታው አፍንጫዬን ይመታኛል። መርፌው ገና ሳይነካኝ ዓይኔ እንባ ይሞላል። "አይዞሽ፣ ገና አልወጋሁሽም እኮ" ትለኛለች በየወሩ። ፈገግ እላለሁ። ያስለቀሰኝ መርፌው እንዳልሆነ ላስረዳት ብል ወሬው ረጅም ነው፣ በሩ ላይ ደግሞ ሌላ በሽተኛ ይጠብቃል። አንቺ ግን ጊዜ ካለሽ ላጫውትሽ።

ያኔ እዚሁ መካነ ሰላም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ልቤን ያመመኝ ከዚያ በፊት ነው፣ በልጅነቴ። ጉሮሮዬን አመመኝ፣ አተኮሰኝ፣ ጉልበቴና ክርኔ አበጠ፣ ከዚያ ተወኝ። ቤተሰቦቼ ተሻላት ብለው ረሱት። ለካ በሽታው ከጉሮሮዬ ወርዶ ልቤ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። ዳገት መውጣት ሲያቅተኝና ጋደም ስል ትንፋሽ ሲያጥረኝ አባቴ ደሴ ወሰደኝ። ሐኪሙ መሣሪያውን ደረቴ ላይ እያንሸራተተ ብዙ አየና "የልብሽ በር ጠቧል" አለኝ።

አባቴ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ "በር ከሆነማ ይከፈታላ" አለ።

"ይከፈታል፣ አባት። ግን በቀዶ ጥገና ነው፣ እሱም አዲስ አበባ ነው፣ ወረፋው ብዙ ነው። እስኪደርሳት መርፌዋን በየወሩ እንዳታቋርጥ።"

ሁለቱን ያገኘኋቸው በዚያው ሆስፒታል ኮሪደር ነው፣ በሌላ የቀጠሮ ቀን። ክረምት ነበር። ኮሪደሩ የበረኪናና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ይሸታል፣ ከደጅ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አባቴ መድኃኒት ፍለጋ ወርዶ ቀርቷል፣ የኔ ስልክ ደግሞ ባትሪው አልቋል። አጠገቤ የተቀመጠች ቢጫ ሻሽ ያሰረች ልጅ ጭንቀቴን አየችና ከቦርሳዋ ፓወር ባንክ አውጥታ "እንኪ፣ ሰክተሽ ደውዪ" አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አተኩራ አየችኝና፣

"አንቺም ልብ ነሽ?" አለችኝ።

"አዎ።"

ከወዲያ በኩል ጋቢውን እስከ አገጩ የተከናነበ ቀጭን ሰውዬ ዞር አለና "እኔም ልብ ነኝ" አለ፣ ስሙን እንደሚናገር ሁሉ። ሦስታችንም ሳቅ አፈነን። ስንስቅ ትንፋሽ ያጥረናል፣ ሲያጥረን መልሶ ያስቀናል። ጥበቃው መጥቶ "ይኼ ሆስፒታል ነው!" ብሎ ተቆጣን።

እሷ የወረኢሉ ልጅ ነበረች፣ አባቷ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ሱቁን የምትጠብቀው እሷ ናት። እሱ የከላላ ገበሬ ነው፣ ትዳር ከያዘ ብዙም አልቆየ። ወደ ሐኪሙ ተጠርታ ከመግባቷ በፊት ስልክ ቁጥራችንን ተቀበለችንና ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተች። ስሙንም "ሰነፎቹ ልቦች" አለችው። ሦስታችን አንድ ላይ ሆነን የተያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰው ከማያየው ሰው ጋር እንዴት ይላመዳል ትዪኝ ይሆናል። እኛ ተላመድን። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምንጠያየቀው ትራስ ነበር። የልብ ሕመምተኛ ልቡ ሲደክም ጋደም ብሎ መተኛት አይችልም፣ ትራስ ይደራርባል። "በአንድ ትራስ አደርኩ" ያለ ሰው እልል ይባልለታል። "ዛሬስ ትራስም አልረዳኝ" ካለ ደግሞ ሌሎቹ ቀኑን ሙሉ አንለቀውም፣ ክኒንህን ዋጥክ፣ እግርህ አበጠ፣ ጨው ቀነስክ እያልን። ይህን ለቤተሰብ ብትነግሪው ቤቱ ሁሉ ይደነግጣል። እዚያ ግን እንደ አየር ጠባይ እንነጋገረው ነበር።

የወረኢሉዋ የማትናገረው አልነበረም። የሱቁን ደንበኞች በድምፅ ታስመስላቸዋለች። ለአስከሬን መገነዣ አቡጀዲ እየለኩ በመሃል ስለ ሙሽራ ቀሚስ የሚጠይቋትን ሴትዮ አስመስላ ስታወራ እኔ ክፍል ውስጥ አፌን በደብተር ሸፍኜ እስቅ ነበር። ውሃውን ከሰውነት የሚያስወጣውን ክኒን ውጣ አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ፣ ሾፌሩን ጉጉፍቱ የምትባል ደጋ ከተማ ላይ በዚያ ብርድ እንዴት ለምና እንዳስቆመችው የነገረችን ቀን የከላላው "በአላህ ተይኝ፣ ልቤ ሊቆም ነው" ብሎ ጻፈ።

እሱ ኔትወርክ የሚያገኘው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ነው። እዚያ ለመውጣት ደጋግሞ ማረፍ አለበት። የሚልከው ድምፅ ነፋስ ይበዛበታል፣ በመሃሉም ትንፋሹ ይሰማል። ሐኪም እርሻ ከልክሎታል። መሬቱን የሚያርስለት የሚስቱ ወንድም ነበር። አንድ ጊዜ የገብሱን ማሳ ፎቶ አንስቶ ላከልንና "አምሯል አይደል? እኔ ግን ሰው ሲያርስልኝ ዳር ቁጭ ብዬ ማየት ከበሽታው ብሶብኛል" አለ። የወረኢሉዋ ናት የመለሰችለት፦ "አብሽር። ቁጭ ብለህ ማየትህም ለሚስትህ ትልቅ ነገር ነው።"

እኔን ደግሞ ዳገቱ ላይ ነበር የሚረዱኝ። ወደ ትምህርት ቤት በሚወስደው ዳገት እኩዮቼ እየተሯሯጡ ያልፉኛል፣ እኔ መሃል ላይ መቆም አለብኝ። መቆሜን ሰው እንዳያውቅብኝ ስልኬን አወጣለሁ። የሚያየኝ ሰው መልእክት የማነብ ይመስለዋል። እውነትም አነብ ነበር። እነሱም ሰዓቱን አውቀውት የሚነበብ ነገር አያሳጡኝም ነበር። ባሕር ዛፎቹ መሃል የጠዋት ፀሐይ ፊቴ ላይ እያረፈ፣ ትንፋሼን እስክሰበስብ የነሱን ወሬ አነባለሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ዳገት የምወደው ቦታ የለም።

አንድ ወር እዚህ መርፌው ጠፋ። ጤና ጣቢያም የለ፣ ፋርማሲም የለ። ለግሩፑ ነገርኳቸው። በሦስተኛው ቀን የወረኢሉዋ "ነገ መናኸሪያ ውረጂ፣ ሾፌሩ ይደውልልሻል" አለችኝ። ሾፌሩ የሰጠኝ ብልቃጥ በአበባማ ጨርቅ ቁራጭ ተጠቅልሎ ነበር። የራሷ የወሩ መርፌ መሆኑን ያወቅኩት ከተወጋሁ በኋላ ነው። ስቆጣት "እኔ እዚህ አላጣም፣ ዝም ብለሽ ተወጊ" አለችኝ።

ከዚያ ተዳረች። ባሏ እህል ነጋዴ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው ትል ነበር። የልቧ ነገር ግን ለባሏ ቤተሰብ አልተነገረም። ቤተሰቦቿ "ከገባች በኋላ ቀስ ብሎ ይነገራል" ብለው ነበር፣ ቀስ እንደተባለ ቀረ። ሐኪሙ ደግሞ ለሷም ለኔም በግልጽ የነገረን ነገር አለ። የልባችን በር ሳይስተካከል ማርገዝ የለብንም፣ ልብ የሁለት ሰው ደም መግፋት አይችልም።

አንድ ከሰዓት በሹክሹክታ ድምፅ ላከች። ከኋላዋ የሱቁ በር ሲዘጋ ይሰማል። "አርግዣለሁ" አለች። "ለናንተ ነው መጀመሪያ የነገርኩት።"

የከላላው ተቆጣ። "ምን ነካሽ? ሐኪሙ ያለውን ረሳሽው?"

"አልረሳሁም።" ቀጥላ ሌላ ድምፅ ላከች፦ "አማቴ በየሄድኩበት ሆዴን ታያለች። ግን ለሷ ብዬ አይደለም፣ ወላሂ። ዕድሜ ልኬን ትንፋሼን ስጠብቅ ልኖር ነው? እኔም ልጅ አቅፌ ልሳም።"

የነፍሰ ጡር ዜና ሰምቼ እንኳን ደስ አለሽ ማለት ያቃተኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሲመሽ የከላላው "አብሽሪ። ደሴ ሄደሽ ታዪ፣ ሌላ አንልሽም" አለ። ሄደች። ሐኪሙ በጣም አዘነባት፣ ግን አልጣላትም። መድኃኒቷን ቀየረላት፣ ለባሏም ራሱ ስልክ ደውሎ ነገረው፣ ወሯ ሲገባ ደሴ መጥታ ተኝታ እንድትጠብቅ አዘዛት። ባሏ በቁጣ ፈንታ አለቀሰ አለችን። እኛም ትንሽ ተነፈስን። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የሷን ትራስ ሳንጠይቅ ሌላ ወሬ አናነሳም ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለሱ ሌላው ሰው ብዙ አውርቶታል። እኔ የማውቀው መንገዱ ተዘጋ፣ መብራት ጠፋ፣ ቀጥሎ ኔትወርክ ጠፋ። ስልኬ እጄ ላይ ቀዝቃዛ ድንጋይ ሆነ። ዳገቱ ላይ ስቆም ከልማድ አወጣውና ጥቁር መስታወቱ ላይ የራሴን ፊት አያለሁ። ወሯ መግባቱን በልቤ አስባለሁ። ደሴ እንዴት ትደርሳለች? እናቴን ስጠይቃት "እግዜር ያውቃል፣ ልጄ" ትለኛለች።

ኔትወርክ የተመለሰ ቀን ከተማው ሁሉ ስልኩን ይዞ ደጅ ወጣ። የኔም ስልክ መንጫጫት ጀመረ። ለካ ወረኢሉ ኔትወርኩ ከኛ ቀድሞ ተለቅቆ ኖሯል። መልእክቶቹ ሁሉ የሷ ነበሩ።

"አላችሁ?"

"ተቀምጬ ነው የማድረው። መኪና የለም ይላሉ።"

"እንዴት ነው ያላችሁት? መርፌሽን አገኘሽ?"

"የት ናችሁ?"

ጻፍኩላት። "አለሁ፣ አለሁ፣ እህቴ" እያልኩ ደጋግሜ ጻፍኩ። መልእክቴ መላኩን የምታሳየው አንዷ ምልክት ብቻ ወጣች፣ ማንበቧን የምታሳየው ሁለተኛዋ ግን አልመጣችም። ብደውል ስልኳ ዝግ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ የከላላው ደወለ። ደውሎልኝ አያውቅም፣ ስለዚህ ሳላነሳው መርዶ መሆኑን አወቅኩ። ወረኢሉ ገበያ የደረሰ ከብት ነጋዴ ነው የነገረው።

"እህቴ" አለኝ፣ ነፋሱ ይሰማኛል። "ቃሬዛ ላይ እያለች ነው አሉ። መንገድ ላይ። ከነልጇ።"

እሱ ራሱ ደግሞ በዚያው ጊዜ የደረሰበትን አልነገረኝም፣ ኋላ ነው የሰማሁት። ኔትወርክ በጠፋበት ወር የቀዶ ጥገና ወረፋው ደርሶ ከአዲስ አበባ ሲደወልለት ከርሟል። ስላላገኙት ቀጣዩን ሰው ጠሩ። እንደገና ተመዝገብ አሉት። "ይሁን፣ ያም ሰው ልብ ነው" አለኝ። እግሩ ማበጥ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ጉብታውን መውጣት አይችልም። ስልኩን የሚስቱ ወንድም ይዞለት ይወጣና የላክሁለትን ተቀብሎ ይወርዳል። መልስ ሲመጣ አንድ ቃል ነው፦ "አለሁ።"

መንገዱ ሲከፈት ወረኢሉ ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ጉጉፍቱ ላይ ወርጄ ሌላ መኪና ያዝኩ። ጉሙ መንገዱን ውጦታል፣ ብርዱ አጥንት ይገባል። የከላላው እግሩ አልታዘዝ ስላለው ብቻዬን ነበርኩ። ቤቱን ጠይቄ ገባሁ። እናቷ ነጭ ሻሽ አስረው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። "አላህ ያጽናዎት" ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አሚን። ልጄ፣ አላወቅኩሽም። የማን ልጅ ነሽ?"

"ከመካነ ሰላም ነው የመጣሁት። የልጅዎ ጓደኛ ነኝ።"

"የት ተዋወቃችሁ?"

"ደሴ፣ ሆስፒታል። ከዚያ በኋላ በስልክ።"

ረጅም ጊዜ አዩኝ። "ያ ስልኳን ይዛ ብቻዋን ስትስቅ የነበረው..."

"ከኛ ጋር ነበር፣ እናቴ።"

"እኔ እኮ ጂኒ ነካሽ እንዴ እያልኩ እቆጣት ነበር" አሉና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ስልኬ ውስጥ ድምጿ እንዳለ ስነግራቸው አላመኑኝም። ከፈትኩላቸው። የሱቅ ወሬ ነበር፣ ሳቋም አለበት። እናቷ እጃቸውን ስልኬ ላይ አድርገው፣ እንደሚሞቁት ሁሉ፣ ሰሙ። ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ልልክልዎት ስላቸው የያዙት ተራ ስልክ ነው፣ ድምፅ አይቀበልም። "እንግዲያ ስትመጪ ይዘሽልኝ ነይ" ብለው ሸኙኝ።

አልሄድኩም፣ ያን ያህል መንገድ የሚችል ልብ የለኝም አሁን። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ እሠራለሁ፣ የቀዶ ጥገናውን ስልክ እጠብቃለሁ፣ በየወሩ እወጋለሁ። ግን አንዳንድ ከሰዓት፣ እሳቸው የከሰዓቱን የአስር ሶላት ከሰገዱ በኋላ፣ የናቴን ስልክ ተውሼ እደውልላቸዋለሁ። ሰላም ከተባባልን በኋላ ሁለቱን ስልኮች አገጣጥሜ ድምጿን እከፍትላቸዋለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁኝ አንዷን መልእክት ነው። ስለ አንድ ጥቅል ሐር ጨርቅ ታወራለች፣ ስለ ቀለሙ፣ ለሚዜዎች ስለ መሸጧ። መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ ታደርግና "እማ እየጠራችኝ ነው፣ ልሂድ" ትላለች።

እናቷም ከዚያ ማዶ፣ ረጋ ብለው፣ ይመልሱላታል።

"አልጠራሁሽም፣ ልጄ። ቁጭ በይ፣ ተጫወቺ።"