ጋሽ ወርቁ እና የብረት ልብሶቹ

በቀደም ዙሪክ አጠገብ፣ ሽሊረን በምሠራበት መጋዘን አንድ ሰውዬ የብረት በሩን ማጠፊያ ዘይት ሲቀባ ሽታው ድንገት ጋሽ ወርቁን አመጣብኝ።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ጄኔቭ፣ ቬርኒየ የሚባል ሰፈር ሳለን ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። አዲስ አበባ መካኒክ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ አንድ ሙዚየም ውስጥ የጥንት ፈረሰኞችን የብረት ልብስ ከዝገት ይጠብቁ ነበር። ጣቶቻቸው ዘይት ዘይት ይሸታሉ፤ ከኪሳቸው የተፋቀ የስልክ ካርድ አይጠፋም። እናቱ የሞተችበትን፣ አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ የቀረውን ልጃቸውን ዮናስን የሚያገኙት በዚያ ካርድ ነበር። ዮናስ እኩያዬ ነው። «የመምጫ ወረቀቱ ሲያልቅ ይመጣል፤ አብራችሁ ትማራላችሁ» ይሉኝ ነበር።

አሥር ዓመቴ ላይ አንድ እሑድ ሙዚየሙን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ።

«ይሄን የለበሰ ሰው አይሞትም አይደል?» አልኳቸው።

«ሰይፍ አይበሳውም፤ ብረቱ ያንሸራትተዋል» አሉና የአንዱ ደረት ላይ ሰርጎድ ያለች ቦታ አሳዩኝ። ሠሪው ራሱ ጠመንጃ ተኩሶ፣ አለመበሳቱን ለገዢው ያረጋገጠበት ምልክት ነው አሉኝ። ከዚያ ጓንታቸውን አጥልቀው የብረቱን ክንድ ቀስ ብለው አነሱት። «ሰው ግን እጁን ማንሳት፣ ማየት፣ መተንፈስ አለበት። ብብቱ ጋ፣ ዓይኑ ጋ ክፍት ይቀራል፤ ቀጭን ጩቤ የሚገባው በዚያ ነው። በከባድ መዶሻ ከመቱት ደግሞ ብረቱ ሳይበሳ ውስጥ ያለው አጥንት ይደቃል።»

«ታዲያ ለምን ይለብሱታል?»

«በባዶ ደረት ከመውጣት ይሻላል ብለው ነዋ፣ ልጄ።»

የዮናስ ወረቀት አላለቀም። አንዴ የልደት ምስክር፣ አንዴ አባቱ መሆናቸውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ሲባል ዓመታት ሄዱ። በመጨረሻ «አሁን አድጓል» ተብሎ ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ዮናስም በበረሃ ወጣ። ከሊቢያ አንድ ጊዜ ደወለ። ከወራት በኋላ መርዶውን ያረዷቸው እናቴና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ናቸው።

ጋሽ ወርቁ አላለቀሱም። «ጠብቅ ያልኩት እኔ ነኝ» ብቻ አሉ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገቡ፤ ከዚያ በኋላ ግን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን እንኳ የሚሰሙ አይመስሉም ነበር።

ካቻምና ሲሞቱ እዚህ አገር ዘመድ ስላልነበራቸው ከዙሪክ ሄጄ ቤታቸውን ከእናቴ ጋር አጸዳን። ቁም ሳጥናቸው ውስጥ የወንድ ልጅ የብርድ ጃኬቶች ተሰቅለዋል፤ በየዓመቱ አንድ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ። የአንዳቸውም የዋጋ ወረቀት አልተቆረጠም።

እናቴ ዳር ያለውን አውርዳ ትከሻውን ዘረጋችው። የሙሉ ሰው ልክ ነበር።